አቮካዶ የጠፋበት ሳምንት

እትዬ ሽታዬን ጠዋት ሰላም ካልሻቸው ሥራ ፈታሽ ማለት ነው። እኔ ወንጌላዊት እባላለሁ፤ መናኸሪያ አካባቢ ጠሀ ጁስ ቤት ነው የምሠራው። ከማንም በላይ የሚያናድዱኝ እሳቸው ነበሩ።

ታቦር ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባላቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው አንዱ ጅማ፣ አንዷ ድሬዳዋ ናቸው፣ የሚደውሉትም ለበዓል ነው። ግቢያቸው ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር ዶሮ ብቻ ነው። የዶሮ መኖ ሲወደድ አንድ የእንስሳት ባለሙያ መላ አሳያቸው፦ የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ ታጥቦ፣ ደርቆና ተወቅጦ ትንሽ ትንሽ ከመኖው ጋር ቢደባለቅ ለዶሮዎቹ ጤና ጥሩ ነው። አቮካዶ ግን ልጣጩም ዘሩም ለዶሮ መርዝ ነው፣ አደራ፣ አላቸው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ልጣጭ ሊወስዱ እኛ ጋ መምጣት ጀመሩ።

ልጣጩም እንደ ስፕሪሱ ድብልቅ ነው፤ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ አቮካዶው አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይከተታል። እትዬ ሽታዬ ጓሮ ቁጭ ብለው አቮካዶውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ሥራው ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ እሳቸው ግን እስከ ምሳ ድረስ ይቆያሉ። እጃቸው ልጣጭ ሲለቅም አፋቸው እኔን ይለቅማል። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ፀጉር ምን ነክቶት ነው?» «ያ ልጅ ዛሬም መጣ? ጁስ ጠምቶት ነው ወይስ አንቺን ሊያይ?» ወይ ጣጣ! ደግሞ የዶሮዎቹ ወሬ፦ ተቅማጡ እንደቆመላቸው፣ ላባቸው እንዳማረ፣ አስኳሉ እንደደመቀ፣ የትኛዋ የትኛዋን እንደነቆረች። እንደ ምራቶቻቸው ያሟቸዋል።

አንድ ጠዋት ሲያነክሱ አሠሪዬ ጠሀ አያቸው። ሆደ ቡቡ ነው፣ አልቻለም።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ አይልፉ» አላቸው። «ወንጌላዊት ትለቅማለች። በባጃጅ ቤትዎ ድረስ እልክልዎታለሁ።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ አልቸገረኝም።»

«በጭራሽ! እንደ እናቴ አይደሉ እንዴ?»

«እግዜር ይስጥህ» አሉ። ምን ይበሉ? ደግ ነገር የተደረገለት ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። እየተነጫነጭኩም ቢሆን አጥርቼ ለቀምኩ፤ ዶሮ ገዳይ መባል አልፈልግማ። ግን ጓሮው ጭር አለብኝ። ስለ ፀጉሬ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ።

ከዚያ አቮካዶ የሚያመጣልን ሰውዬ መኪናው ተበላሸና ሳምንቱን ሙሉ አንድ ፍሬ ሳይገባልን ቀረ። ደንበኛው ሁሉ «ያለ አቮካዶ ምን ስፕሪስ አለ?» እያለ ሲነዘንዘኝ ሰነበተ። ዓርብ ጠዋት እትዬ ሽታዬ ድንገት ከተፍ አሉ። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። እያነከሱ ገብተው የያዙትን ፌስታል ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። የአቮካዶ ልጣጭ!

«ዶሮዎቼን ልትጨርሷቸው ነው እንዴ? ይሄ ትናንት ከላካችሁልኝ ማዳበሪያ ውስጥ ነው የወጣው!»

ደሜ ፈላ። እኔ ላይ? አንዱን ልጣጭ አንስቼ አየሁት። ገና እርጥብ ነው፣ በቢላዋ በስሱ የተላጠ። እኛ አቮካዶ የምናወጣው በማንኪያ ነው። አፌን ልከፍት ቀና ስል ፊታቸውን አየሁ። እኔን አይደለም የሚያዩት፤ ዓይናቸው ጓሮ ጓሮውን ነው። ገዝተው፣ ልጠው፣ ይዘውት መጥተዋል። ለመምጣት ሰበብ ሲፈልጉ ነው የከረሙት። አንጀቴን በሉት።

ጠሀ ከማሽኑ ዞሮ «አቮካዶ? አቮካዶ እኮ ከሰኞ ጀምሮ...» ሲል እግሩን ረገጥኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አምልጦኝ ነው፣ ይቅርታ። እኔን አይመኑኝ እትዬ፣ ራስዎ ይልቀሙት።»

ጠሀ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጣጩን አየ። ገባው። «እውነቷን ነው፣ እሷ አትረባም» አለ።

«አላልኳችሁም?» አሉ እትዬ ሽታዬ፣ ፊታቸው በርቶ። «በሉ የዛሬውን አምጡት።»

የዛሬው ሄዷል። ባጃጁ ወስዶታል። ይህንን ስነግራቸው «እ... እንግዲያው እሺ» ብለው ባዶ ፌስታላቸውን አጣጠፉ። አጣጥፈው አልሄዱም፤ ባሉበት ቆመው ቀሩ። የሚቀመጡበት ምክንያት አልነበራቸውም።

የማንጎውን ሳጥን ከማቀዝቀዣው ጎትቼ አወጣሁና መላጥ ጀመርኩ።

«ማን አዘዘ?» አለ ጠሀ።

ቤቱ ውስጥ አንድም ደንበኛ አልነበረም። ልጣጩን እትዬ ሽታዬ አጠገብ ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ እየጣልኩ ላጥኩ። እሱም ቢላዋ አነሳ።