የደነዘዘችው ትንሿ ጣት

በወጣትነቷ ቫዮሊኗን አገጯ ስር ስትወሽቅ የአዳራሹ ሰው ሳሉን እንኳ ይውጥ ነበር። ኦርኬስትራ ውስጥ የፊት ወንበር ይዛ ስትጫወት ኖራ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ቫዮሊን አስተማሪ ሆና ገባች። እዚያ ታዲያ መምህር በየዓመቱ መድረክ ወጥቶ ካልተጫወተ የሚያስተምረው ክፍል ለሌላ መምህር ይሰጣል። አስተማሪን እንደ ገበያ ፈረስ አፍ እያስከፈቱ ማየት! ይህን ደንብ ያወጣው ሰውዬ አንድም ቀን ጣቱን አሞት አያውቅም።

የግራ እጇ ትንሿ ጣት ስትደነዝዝ የነገረችው ለአናጢው ባሏ ብቻ ነው።

«ለኃላፊሽ ንገሪው።»

«ምን ቆርጦኝ! ክፍሌን ላስነጥቅ?»

«በሽታውን የደበቀ...»

«ተረትህን ለመጋዝህ ንገረው!»

እሱ ወደ እንጨቱ ተመለሰ። እሷ መላ ዘየደች፦ ትንሿ ጣት የምትነካውን ድምፅ እጇን ወደ ላይ ሸርተት አድርጋ በቀለበት ጣቷ ትጫወተዋለች። የዓመቱን መድረክ እንዲህ አለፈች። አጨበጨቡላት። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው እጇን ባየ ቁጥር ወሬ ትቀይራለች።

ተማሪዎቿ የሚፈተኑ ቀን ከኃላፊው ጎን ተቀመጠች። የመጀመሪያው ተማሪ እጁን ሸርተት አደረገ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛው ትንሿን ጣቱን ጭራሽ አጥፎ ያዛት። ዕድሜ ልኳን ያስተማረችው «አታውሩ፣ እጄን እዩ» እያለች ነው፤ ልጆቹም አይተዋል! ምን ያድርጉ ታዲያ?

ኃላፊው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ይቺ አዲስ ዘዴ የእርስዎ ናት? ደስ ትላለች። ለሌሎቹ ክፍሎችም ለምን አናስተምራትም?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። አዎ ብላ ክፍሏን ይዛ መኖር፣ የጤነኛ ልጆችን ጣት እንደ ድርቆሽ አድርቃ! እንደ ምንም፣ «እስቲ ይጨርሱ» አለች።

መጨረሻ የገባችው በቅጥነቷ ሽቦ የሚሏት ልጅ ናት። ፈጣኑ ቦታ ላይ እጇ ሲዘል ድምፁ ተንሻፈፈ። ደገመችው፤ ባሰ። ቀስቷን አውርዳ ዓይኗን መምህሯ እጅ ላይ ተከለች።

መምህሯ ከወንበሯ ተነሳች። «በትንሿ ጣትሽ ንኪው።»

«ቲቸር፣ እርስዎ እንደዚህ አይደል እንዴ የሚያሳዩን?»

«የኔ ጣት ደንዝዛለች። ከዓመት በላይ ሆናት። እናንተን ምን ነካችሁ?»

ኃላፊው ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ምን እንደሚል ታውቃለች፣ ደንቡን ታውቃለች፤ ፊቱን ለማየት ግን አልደፈረችም። ሽቦ የታጠፈችውን ትንሿን ጣቷን ዘርግታ ክሩ ላይ አሳረፈቻት። ቀስቷን ስትስብ እንደ ዛገ በር ሲጥጥ አለ።

«ድገሚው» አለች መምህሯ። አሁንም ቆማለች።