ባናዬን ያስያዝኩበት ባሕር

ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶችን ወደ መንዝ ገደል አፋፍ ስመራ እርጥብ ጦስኝ ሸተተኝና ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ ቤታችን ያደሩ አንድ የምጽዋ ሾፌር፣ "ባሕር የሌለው ደግሞ ምን አገር ነው!" አሉ።

"ነገ ባሕር ካላሳየሁዎት ይህን የሱፍ ባናዬን ይውሰዱ" አልኳቸው።

አያቴ ደነገጡ። "አንተ ቀባጣሪ፣ ያለ ባና ክረምቱን እንዴት ልትወጣው ነው?"

ማታ ዘንቦ ካባራ ጠዋት ቆላው በጉም እንደሚሞላ ግን ማንም ሳያስተምረኝ ደርሼበት ነበር፤ ያን ማታም ዘንቦ አባርቷል። በማለዳ ከአፋፉ ስንቆም ነጩ ጉም እስከ አድማስ ተኝቷል፤ የተራሮቹ ጫፎች እንደ ደሴት ብቅ ብለዋል። ሾፌሩ አፋቸውን ያዙ።

"በሉ እንግዳዬ፣ አሁን ይዋኙ!" አሉ አያቴ እየሳቁ።

የዛሬዎቹም እንግዶች ከጉሙ ብቅ ያሉትን ደሴቶች በየስማቸው ስጠራላቸው ተከትለውኝ ደገሙ። ለባሕር ሰው ባሕር ያሳየሁ እኔ ነኝ!