በደጃችን ያለፈው ቃሬዛ

ልጅ ሳለሁ ወንጌልን መጀመሪያ የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይሆን እሳት ዳር ነው። ቤታችን በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከዋናው መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ ነበር። ከብቶቹ ከገቡ በኋላ፣ እራት እስኪደርስ ባለችው ጊዜ፣ አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከምድጃው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔም ከእግራቸው ሥር እኮለኮላለሁ። እርጥቡ የባሕር ዛፍ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል፤ ኩራዟ ከምሰሶው ላይ ሆና ጥላሸቷን ወደ ጣሪያው ትለቃለች፤ ፍሙ ፈካ ሲል የአያቴ ፊት ግማሹ ይታያል፣ ሲደበዝዝ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል።

እኔ «አባባ» ነበር የምላቸው፤ አገሩ «አያ ደስታው» ይላቸዋል። በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ሆነው ዳዊት ደግመው ነበር፤ አባታቸው ሲሞቱ ግን የሚያርስ ጠፋና ትምህርቱን ትተው ወደ ሞፈር ተመለሱ። ቄስ ሳይሆኑ በመቅረታቸው ይቆጫቸው እንደነበር አሁን እገምታለሁ፤ ያኔ ግን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ወንጌሉን እንደ ጎረቤት ወሬ ነበር የሚያወሩት። ጴጥሮስ በእሳቸው አፍ አሳ አልያዝለት ብሎ የተበሳጨ የወንዝ ዳር ሰው ነው፤ ጌታ ሲጠራው መረቡን አጣጥፎ ስለማስቀመጡ እንኳ ሳይቀር ይነግሩኛል። እኔም ኢየሩሳሌምን ከደንበጫ ወዲያ ያለች ከተማ አድርጌ እገምታት ነበር።

አባባ ከሚቀመጡበት መደብ በላይ፣ ከግድግዳው ችካል ላይ፣ የአባቴ ምንሽር ጠመንጃ ተሰቅሎ ነበር። አባቴን አላውቀውም። እኔ ገና ዳዴ ሳልል በእርሻ ድንበር ተጣልተው፣ ዳኘው የሚባል ከወንዙ ማዶ የሚኖር ሰው በሽመል ራሱን መታው፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ዳኘው ተፈርዶበት ፍኖተ ሰላም ታሰረ። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ፤ ሌላ አገር መሄጃ ስላልነበረው እዚያው ማዶ ጎጆ ቀልሶ ሚስት አገባ።

ከዚያ ወዲያ ኑሯችን ሁሉ እሱን ላለማግኘት የተሰላ ነበር። እነሱ ከሚቀዱበት ምንጭ እኛ አንቀዳም። እኛ ከምንገበያይበት ገበያ እነሱ አይገኙም። ለክብረ በዓል እንኳ እሱ ሌላ ደብር ይሄዳል። ሽማግሌዎች ካህን አስቀድመው፣ መስቀል አስይዘው ሁለት ጊዜ ለእርቅ መጥተው ነበር፤ አባባ ሁለቱንም ጊዜ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መስቀሉን ተሳለሙና «የልጄ አጥንት ገና አልደረቀም» ብለው መለሷቸው። አጎቴ ስንሻው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ በየሳምንቱ እየመጣ ምንሽሩን ያወርድና በዘይት ይወለውለዋል። ለምን እንደሚወለውለው የሚናገር አልነበረም፤ የማያውቅም አልነበረም። ሠርግ ቤት ሴቶቹ ሲዘፍኑ ወንድሙ ተገድሎ ደሙን ሳይመልስ ስለሚያርስ ሰው አንድ ስንኝ ጣል ያደርጋሉ፤ አጎቴም ጠላውን ሳይጨርስ ይወጣል።

አንድ ምሽት፣ ጾም ይመስለኛል፣ አባባ የአንድ ባለጸጋ ወጣት ወሬ ጀመሩልን። አጎቴም ነበር፤ እናቴ ከምድጃው ወዲያ ሹሮ ታማስላለች። ወጣቱ በአባባ አገላለጽ ሰባት ጥማድ በሬና በመርገፍ ያጌጠ አንድ በቅሎ አለው። ወደ ጌታ ሮጦ መጣና ተንበረከከ፤ «ሕግህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሬ ጠብቄአለሁ፣ ታዲያ ምን ይቀረኛል?» አለ። ጌታም ወደደውና «አንድ ነገር ይቀርሃል፤ ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ፣ ከዚያ መጥተህ ተከተለኝ» አለው። አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወጣቱ እንዴት እንደተነሣ፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ እንዴት እንዳራገፈ፣ በቅሎው ላይ ወጥቶ ወደ ኋላው ሳይዞር እንዴት እንደሄደ ነገሩን። «ጌታ አልጠራውም?» አልኳቸው። «አልጠራውም፤ ግን እስኪሰወር ያየው ነበር» አሉ።

እኔም በልጅ አፌ፣ «አባባ፣ እኛስ አንድ የሚቀረን ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ምንም አስቤ አልነበረም። አጎቴ የሚወለውልበትን ጨርቅ ይዞ ቀረ። እናቴ ማማሰሉን አቆመች፤ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ» አለች። አባባ ተነሥተው በጉን ለማየት ወጡ፤ በጉ ግን ታስሮ ነበር። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ወሬ አልነበረም። እሳቱ ዳር ይቀመጣሉ፣ ዳዊታቸውን በለሆሳስ ይደግማሉ፣ በልተው ይተኛሉ። እኔ የማይሆን ነገር የተናገርኩ እየመሰለኝ ስፈራ ከረምኩ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ ገና አባርቶ ሳለ ከታች በኩል የሰው ድምፅ ሰማን። ሦስት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ወደ እኛ ይወጣሉ። የታችኛውን መንገድ ወንዙ ሞልቶ ስለዘጋው በእኛ ደጅ ካልሆነ ወደ ዋናው መንገድ ማለፊያ አልነበረም። በአገራችን ሰው ታሞ ቃሬዛ ሲወጣ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ትከሻ ይለዋወጣል፤ የዚያን ቀን ግን ከፊት ሁለት ሰዎች፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱን እንጨቶች ይዞ ነበር። ያ ሰው ዳኘው ነው። እኔ መልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነበር፤ እንደማንኛውም ሰው መሆኑ ገረመኝ።

ደጃችን ሲደርሱ ቆሙ። ዳኘው ቃሬዛውን ቀስ ብሎ አወረደና ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ብርድ ልብስ የለበሰችው ሴት ጥሩዬ የምትባለው ሚስቱ ነበረች፤ ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ነክሳለች።

«አያ ደስታው» አለ ዳኘው፣ ከመሬት ቀና ሳይል። «እኔን እዚሁ ያስቀሩኝ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ። እሷን ግን ያሳልፉልኝ። ምጥ ይዟት ዛሬ ሁለተኛ ቀኗ ነው።»

የዚያን ቀን ምንሽሩን ሊወለውል መጥቶ የነበረው አጎቴ እሱኑ ይዞ ከጓሮ ብቅ አለ። እናቴ ከበሩ መቃን ጋር ተጣብቃ ቆማ ነበር። አባባ ከበሩ ወጥተው አዩት። እኔ ያኔ ሊረግሙት መስሎኝ ነበር።

«ሰው የታለ?» አሉ።

«ሰው አልመጣም። እነዚህ የሷ ወንድሞች ናቸው። ጎረቤት እናንተን ፈርቶ ቀረ።»

አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። አጎቴ ኋላ እንደሚለው፣ ያሳፈራቸው ይኸኛው ቃል ነው፤ አገሩ እሳቸውን ፈርቶ የምታምጥ ሴት ጥሎ መቅረቱ። ጋቢያቸውን አውልቀው ብርድ ልብሷ ላይ ደረቡላት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ዳኘው ከያዛቸው ሁለት እንጨቶች አንዱን ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

«ስንሻው፣ እሱን አስቀምጥና ና» አሉ።

«አባዬ፣ እኔ የወንድሜን ደም አልሸከምም!»

«ማን ደም ተሸከም አለህ? የምንሸከመው ሴትዮዋን ነው።»

አጎቴ ከቆመበት አልተነቃነቀም። እነሱ ተነሡ። ከደጃችን አልፎ ወደ ዋናው መንገድ የሚወስደው ቁልቁለት ቀይ ጭቃ ነው፣ በደረቁም ያንሸራትታል። አባባ ያኔ ስድሳ ያለፉ ሰው ነበሩ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄዱ እግራቸው ከዳቸውና በጉልበታቸው ወደቁ፤ እንጨቱን ግን አልለቀቁትም፣ ቃሬዛው ዘንበል ሲል ዳኘው በሁለት እጁ ደገፈው። አባባ ሊነሡ ሞከሩ፣ አቃታቸው።

አጎቴ ይህን ሲያይ አንድ ነገር ከጉሮሮው ወጣ፣ ስድብ ይሁን ልቅሶ አላውቅም። ምንሽሩን ለእናቴ ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም። አጥሩ ላይ አስደግፎት ቁልቁል ሮጠ። አባቱን ከጭቃው አንሥቶ ወደ ዳር አደረጋቸውና እንጨቱን እሱ ያዘ። ለክርስቶስ ብሎ አልነበረም፣ አባቱ መውደቃቸውን መቻል አቅቶት ነው፤ ይህንን ራሱ ነግሮኛል። እንዲህም ሆኖ አጎቴና ዳኘው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲሄዱ፣ አባባም እያነከሱ ከኋላ ሲከተሏቸው፣ ዛፉ እስኪሸፍናቸው ድረስ አየኋቸው። ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ምንሽሩን ከአጥሩ አንሥታ ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። እራትም አልሠራችም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ተመለሱ። ዋናው መንገድ ላይ እህል የጫነ አይሱዙ አግኝተው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አድርሰዋት ነበር። ሕፃኑ ቀድሞ ሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር፤ ጥሩዬ ግን ተረፈች። አጎቴና ዳኘው መንገዱን ሁሉ «ቀኝ»፣ «ግራ»፣ «ቀስ» ከሚሉ ቃላት በቀር አልተነጋገሩም። አባባ ጉልበታቸው አብጦ፣ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ። እናቴ ምግብ አቀረበችላቸው፣ እጃቸውን አስታጠበቻቸው፣ እስኪጎርሱ ጠበቀችና እንዲህ አለች፦

«አባባ፣ ልጅዎን የገደለውን ሰው አገዙት። እኔስ? እኔን ማን ያግዘኝ? ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ነጠላ ከል ለብሼ ስኖር ማን ትከሻ ሰጠኝ?»

አባባ ጉርሻውን መልሰው መሶቡ ላይ አኖሩት። አጥፍቻለሁ አላሉም፤ ደግ ሠራሁም አላሉም። «እውነትሽን ነው» ብቻ አሉ። እስከ መስቀል ድረስ እናቴ ከሚያስፈልገው በላይ አላነጋገረቻቸውም፤ እሳቸውም በዚያ ክረምት፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ሳይነገራቸው የእሷን ውሃና እንጨት ያመጡ ነበር። ወንድ ውሃ ሲቀዳ ያየ አገር ሳቀባቸው። ግድ አላሉም።

በጥቅምት ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አባባ አልመለሷቸውም። ደሙ ደረቀ። አጎቴ እርቁ ላይ ተቀመጠ፣ መሐላውንም ማለ፣ ከዳኘው ጋር ግን በአንድ ገበታ አልቀረበም፤ በዓመቱ ወደ ቡሬ ሄዶ እዚያው ኑሮ መሠረተ። እናቴ ያን ሳምንት ወላጆቿ ቤት ከረመች።

ወሬውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። አባባ ግን ያን ቀን የሆነውን አንድም ጊዜ አላወሩትም፤ ሰው ሲያነሣባቸው ስለ ዝናቡ ይጠይቁታል። እኔ አድጌ፣ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ እየተማርኩ ለዕረፍት በመጣሁበት አንድ ከሰዓት፣ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ሳሉ፣ «አባባ፣ ያን ለት ይቅር ብለውት ነው የተሸከሙት?» አልኳቸው።

«የለም» አሉ ወዲያው፣ ሲጠብቁት የኖሩት ጥያቄ ይመስል። «ልዋሽሽ? ሰውየውን ሳየው ዛሬም መንገዴን እቀይራለሁ። ትከሻዬ ነው የቀደመኝ፤ ልቤ ከኋላ እያዘገመ ነው።»

«ታዲያ ይኼ ይቅርታ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። ጌታ ‹ተከተለኝ› ነው ያለው። ‹ደርሰህ ጠብቀኝ› አላለም።»

አባባ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። እኔ ፍኖተ ሰላም ሥራ ይዤ እናቴን ወደዚህ አምጥቻታለሁ። ካወሩልኝ ውስጥ ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ የትኛው ከመጽሐፉ፣ የትኛው ከራሳቸው እንደነበረም ለመለየት ይቸግረኛል። ስለ ክርስትና ሲሰበክ የዋህ የሆኑ፣ ወዲያው የታዘዙ፣ እያለቀሱ ጠላታቸውን ያቀፉ ሰዎች ታሪክ ይነገረኛል፤ እሰማለሁ፣ አልክድም። እኔ ያደግኩት ግን እያነከሱ ከኋላ በሚሄዱ ሰዎች መካከል ነው።

ወደ አገር ቤት ስንሄድ እናቴ ዳኘውን ዛሬም ሰላም አትለውም። እኔም በይ ብያት አላውቅም። ማለዳ ማለዳ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግም ከጎኗ ሆኜ እሰማታለሁ። «በደላችንን ይቅር በለን» ትልና «እኛም የበደሉንን» ላይ ስትደርስ ድምጿ ይቆማል። አንዳንድ ቀን ረዘም ያለ ጊዜ ትቆያለች፣ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ከዚያ «ይቅር እንደምንል» ብላ ትቀጥላለች። አንድም ቀን ግን ዘልላው አታውቅም።