የእትዬ በላይነሽ ሚዶ

አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር እጄ ሳላስበው ወደ ራሴ ይሄዳል። በልጅነቴ፣ በደርግ ዘመን፣ ገርጂ ውስጥ ከቤቱ ሜዳው ይበዛ ነበር። ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች የቆርቆሮ ጣሪያችንን እያንቀጠቀጡ ሲያልፉ፣ ሹሩባ ሠሪያችን እትዬ በላይነሽ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር እንጂ ጣቶቻቸው ለአፍታም አይቆሙም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ሴት ልጆች በሙሉ በረንዳቸው ላይ እንኮለኮላለን። ሁላችንንም የሚያበጥሩን በአንድ ሚዶ ነው። እናታቸው የሰጧቸው፣ ቅቤ ጠጥቶ የጠቆረ፣ አንድም ጥርሱ ያልወለቀ የእንጨት ሚዶ ነበር። እንደ ዓይናቸው ብሌን ይሳሱለታል።

አንድ ሰኔ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ፀጉሬን ከፍለው ድንገት ዝም አሉ። አውሮፕላን አልነበረም። ከጆሮዬ በላይ ቅርፊት የያዘ ክብ መላጣ ወጥቶ ኖሯል። ልጇን ልትወስድ የመጣች ጎረቤት አንገቷን አስግጋ አየችና «ኧረ ቆረቆር ነው! እትዬ በላይነሽ፣ ይቺን ከልጄ አጠገብ አያስቀምጡብኝ!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ከአጠገቤ ብድግ ብድግ አሉ። ለእንቁጣጣሽ አብረን አበባየሆሽ ልንል ተማምለን ነበር። ከእንግዲህ ማን ያስጠጋኛል ብዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

እትዬ በላይነሽ መዳፋቸውን መላጣዬ ላይ አሳረፉ።

«ከኔ ሚዶ ነው የያዛት። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

ከዚያ ተነሡና ያንን ሚዶ ቅቤ የሚያሞቁበት ከሰል ላይ ጣሉት። ቦግ ብሎ ነደደ። እሳቸው እጃቸውን በቀበሌ ራሽን ሳሙና እያሹ «በሽታ ነው፣ ይታከማል። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም የራሱን ማበጠሪያ ይዞ ይምጣ፤ ሻሽም መዋዋስ የለም» አሉ። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቼ እንኳ ዛሬም ይደንቀኛል።

እኔ እኮ የምተኛው ጎኗ የተመለጠ ድመታችንን ታቅፌ ነበር። እትዬ በላይነሽም ታቅፌያት ስዞር በየቀኑ ያዩኝ ነበር። ቆረቆሩ ከእሷ እንደተጋባብኝ ገብቷቸው ሳለ ለማንም አልተነፈሱም።

ሰኞ ከእናቴ ጋር ሆነው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ቆረቆር በቅባት ብቻ አይለቅምና ክረምቱን ክኒን ስውጥ፣ የትራስ ልብሴም ሲቀቀል ከረመ። ድመቷም ከአልጋዬ ተባረረች። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ፀጉሬ በቅሎ ነበር፤ ለሹሩባ ግን አልበቃም። እትዬ በላይነሽ አምረው የተሠሩትን ልጆች ሰብስበው «እሷን ጥላ የምትወጣ ካለች ሹሩባዬን እዚሁ ፈትታ ትሂድ» አሏቸው። ከፊት አስቀድመውኝ ወጣን።

እትዬ በላይነሽ ካረፉ ቆይተዋል። በቅርቡ ሰርግ ቤት የዚያችን የጮኸች ጎረቤት ልጅ አገኘኋት። ሴት ልጇ ማበጠሪያ ልትዋስ ስትል «በኛ ሰፈር ነውር ነው» ብላ ከለከለቻት። ልጅቱ ለምን ብላ ጠየቀች።

«ድሮ አንዲት ሹሩባ ሠሪ ነበሩ። ሚዷቸው በሽታ ነበረበት» አለቻት።

«አልነበረበትም» አልኩና ልጅቱን አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ድመቷ ነገርኳት።