ዘይቱ መቼ ሰማ

ቱታው ለእሱ የተሰፋ አይደለም። ትከሻው ክንዱ ላይ ወርዷል፤ እጅጌው ሦስት ጊዜ ተጠቅልሏል። የኤክስካቫተሩን የሚያንጠባጥብ የዘይት ቱቦ ሊቀይር የተጠራ መካኒክ ነው። እኔ የግቢው ጥበቃ ነኝና ከጥላዬ ስር አየዋለሁ።

መጀመሪያ መቆፈሪያ ባኬቱን መሬት ላይ አሳረፈና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ የታመቀው ዘይት እንዲተነፍስ መንጃ ዘንጎቹን ወደፊትና ወደኋላ ደጋግሞ ገፋ። ወርዶ የዘይት ጋኑን ክዳን በቀስታ አላላው፤ ፊሽ አለ። የሞተሩን ቁልፍ ኪሱ ከተተና ከላይ ዳሰሰው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ዳሰሰው። መፍቻውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ወደ ላይ ወጥቶ፣ ቁልፉን ማስነሻው ላይ ሰክቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ዘንጎቹን እንደ አዲስ ይገፋ ጀመር። እኔ ብሆን እስካሁን ፈትቼ ቤቴ ገብቼ ነበር፣ አልኩ በሆዴ።

አጠገቡ የቆመው የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተርም ትዕግስቱ አለቀ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ጠፍቷል እኮ።»

«ሞተሩማ ጠፍቷል። ዘይቱ መቼ ሰማ?»

«እኔ ልሙት፣ ምንም አያደርግህም። ዝም ብለህ ግባና ፍታው።»

ሰውዬው እጁ ዘንጉ ላይ ቀረ።

«ታላቅ ወንድሜን እኔም ‹እኔ ልሙት› ብዬ ነው ያስገባሁት» አለ፣ ቀና ሳይል፣ በሌላ እጁ የቱታውን እጅጌ እየዳሰሰ።

ኦፕሬተሩ ወደኋላ ራቅ አለ። እኔም ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰውዬው ወረደ፣ ከቱቦው ፊት ገለል ብሎ ቆመ፣ መፍቻውን አስገባና ሩብ ዙር አላላ። አንዲት የዘይት ጠብታ ወጣች፣ ሌላ ምንም የለም።

በሥራው መሀል የግራ እጅጌው ተፈትቶ ጣቶቹን ሸፍኖበት ነበር። መፍቻውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ እጅጌውን እንዳያቆሽሸው ተጠንቅቆ፣ ሦስት ጊዜ ጠቀለለው።