ሰባት የሚቆጠርበት ዝምታ

«ጋሼ፣ ይሄ ሳሙና ነው?» አልሽኝ፣ መሳቢያዬ ውስጥ እስክሪብቶ ስትፈልጊ። አይደለም፤ የቫዮሊን ሙጫ ነው። የደጋኑ ፀጉር እሱን ካልተቀባ ክሩ ላይ ቢጎተት ድምፅ አይሰጥም። እጅሽ ላይ የቀረው የጥድ ሽታ ላንቺ ደስ ይልሽ ይሆናል። እኔን ያጥወለውለኛል። ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። ጽፌ ልንገርሽ፤ ስጽፍ የምዋሸው ስናገር ከምዋሸው ያንሳል።

ሙጫው ግማሽ መሆኑን አይተሻል። ሌላው ግማሽ ጓደኛዬ ጋ ነበር። ሁለታችንም ያደግነው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ቫዮሊንም የተማርነው አንድ ክፍል ውስጥ። አስተማሪያችን ለሁለታችን አንድ ሙጫ ሰጡን፤ የእነጓደኛዬ ደጃፍ ላይ በቢላ ጀርባ መታነው። እኩል አልተሰበረም። ትልቁን ለኔ ሰጠኝና «አንተ ብዙ ስለምትስት ብዙ ያስፈልግሃል» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ የተጻፈ ኖታ አነብ ነበር። እሱ ገና ሃያ ሳይሞላው ኖታውን ራሱ ይጽፍ ነበር።

እናቱ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ያወርዱ ነበር። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ ነበር። አሁን ሯጮች እግራቸውን ሰቅለው ያፍታቱበታል፤ ባለፈው ሳምንት አይቻለሁ። እናቱ እዚያ ሲደርሱ ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው ሸክሙን ያስደግፉታል፤ ገመዱ ግን ደረታቸው ላይ እንደታሰረ ነው። አንድ ቀን ልናግዛቸው ወጥተን «ለምን አውርደውት አያርፉም?» አልኳቸው።

«ካወረድኩት ማን ያሸክመኛል?» አሉኝ።

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ቀስ ብለው ቆጠሩ፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጀአ፣ ቶርባ። ሰባት ሲሞላ ተነሱ። ጓደኛዬ ጭኑን በጣቱ እየመታ ከኋላቸው ወረደ። የቅጠሉ ሽታ፣ የእርጥብ አፈሩ ሽታ፣ በዛፎቹ መሐል እየተቆራረጠ የሚገባው የአሥር ሰዓት ፀሐይ፤ ይሄ ሁሉ ንጹሕ ነበር። ከዚህ ወዲያ ያለው ነው የሚያስጠላኝ።

በዚያ ክረምት ለሁለት ቫዮሊን፣ ለአንድ ቪዮላና ለአንድ ቼሎ አንድ ድርሰት ጻፈ። ሙዚቃው ከተራራ ይወርዳል፤ መሐል ላይ አራታችንም እናቆማለን። ግን ደጋናችንን ከክሩ ላይ አናነሳም። ኖታው ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ሸክሙ አይወርድም» ብሎ ጽፎበት ነበር። እንዲያ እንዳለን በሆዳችን እስከ ቶርባ ቆጥረን እንቀጥላለን። ቼሎ የሚጫወተው ልጅ መጀመሪያ ላይ «እኔ ኦሮምኛ አልችልም» ብሎ ነበር። «እስከ ሰባት ብቻ ቻል፣ ከዚያ በላይ እናቴም አትቆጥርም» አለው። ያን ቀን በጣም ሳቅን።

ቡድናችን የሚያስተዳድረው አንድ ቀጠን ያለ፣ ክራቫቱን የማይፈታ መሪ ነበረው። ድርሰቱን ወደደውና አንድ ዝግጅት ላይ አስገባው። አዳራሹ የወለል ሰም ይሸታል፤ ከበሩ ጀርባ ለእንግዶች የሚሞቀው ጥብስ ይሸታል። ዝምታው ላይ ደረስን። ገና ሦስተኛው ቁጥር፣ ሰዲ ላይ፣ የክብር እንግዳው ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። እሳቸው ሲያጨበጭቡ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ብድግ ሲሉ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። መሪያችን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እኛ ደጋናችንን ክሩ ላይ እንዳስቀመጥን ቀረን። ከሙዚቃው ግማሹ ሳይሰማ ሰው ወደ ጥብሱ ሄደ።

በማግስቱ መሪው ልምምድ ላይ መጣ። «ያቺን ዝምታ አውጡልኝ። የክብር እንግዳዬን አሳፈራችሁብኝ» አለ።

«እሷ የእናቴ ማረፊያ ነች» አለው ጓደኛዬ። «እሷን ካወጡ የቀረው ሩጫ ነው።»

«ሩጫ ይሁን። ሰው ይወደዋል።»

«እንግዲያው እኔንም ያውጡኝ።»

«አንተም ውጣ» አለ መሪው፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የሱን ቦታ ትችለዋለህ፣ አይደል?»

ስንት ዓመት በጋዜጠኝነት የሰው ቃል ስመዘግብ ኖርኩ። በጥቅስ ምልክት ውስጥ የማስገባውን ደጋግሜ አጣራለሁ። ይሄኛው ተጣርቷል። «እችላለሁ» አልኩ።

ጓደኛዬ ቫዮሊኑን ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። ኖታውን ትቶልኝ ሄደ።

ሁለተኛው ዝግጅት ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ኅዳጉ ላይ ያለውን የእርሳስ ጽሑፍ በላጲስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መሪው አላዘዘኝም። እጄ ያልበው ነበርና ሙጫው ጣቴ ላይ ቀልጦ ተለጠፈ። አንዴም ሳናቆም ተጫወትነው፣ ጭብጨባውም በቦታው መጣ። ቀና ስል የጓደኛዬን እናት ከኋላ ወንበር ላይ አየኋቸው። ልጃቸው መባረሩን አልነገራቸውም። እሱን ሊያዩ ነጠላቸውን አጥበው መጥተው ነበር።

በሩ ላይ ጠበቁኝ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር። ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ ሳታርፍ ወረድክ። አልደከመህም?» አሉኝ።

ሳቅኩ። ከሁሉም በላይ የሚቀፈኝ ያ ሳቅ ነው።

ዝምታ የሌለው ድርሰት ለስብሰባ መክፈቻ የሚመች ሆነ። እኔ ብዙም ሳልቆይ ቫዮሊኑን ትቼ ወደዚህ ሙያ ገባሁ። መሪው ጡረታ ሲወጣ ታሪኩን እንድጽፍ ታዘዝኩ፤ ድርሰቱን «እሳቸው የደረሱት» ብዬ ጻፍኩለት። ይሄን ማጣራት አላስፈለገኝም፤ እውነቱን አውቀው ነበር። እርማት አላወጣሁም። አንቺ የሰው ስም አሳስተሽ ስቆጣሽ ይሄን አታውቂም ነበር።

ጓደኛዬ ግን ቫዮሊኑን አልተወውም። ኮተቤ ልጆች ያስተምራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው እየበላ በሚያወራበት ሆቴል ይጫወት ነበር። ማታ የልጆቹ ደብተር ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር ይባላል፤ ይሄን ከሰው ነው የሰማሁት። የዛሬ ወር ግን በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ተማሪዎቹ የሱን ሥራዎች አቀረቡ፤ እኔም ሙጫውን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ልሰጠው ነበር።

የመጨረሻው ያ ድርሰት ነበር። አራት ልጆች ከተራራው ወረዱና ቆሙ። አራቱም ደጋን ክሩ ላይ ነው። ከኋላዬ አንድ ሰው ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ። ዞሬ አየሁት፤ አወረደው። ሸን። ጀአ። ቶርባ ላይ አንዲቷ ልጅ በአፍንጫዋ ትንፋሽ ስባ ቀጠለች። ከዝምታው ተነስቶ የሚቀጥለውን ክፍል እንደተጻፈው በሰው ፊት ሲጫወቱት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሲያበቃ ጓደኛዬ መጣ። ፀጉሩ ነጥቷል።

«መጣህ» አለኝ።

«መጣሁ። እማማስ?»

«አለፈች። በጾሙ መጀመሪያ።» ፈገግ አለ። «ስላንተ ትጠይቀኝ ነበር። ‹ያ ልጅ አሁንም ሳያርፍ ነው የሚሄደው?› ትለኝ ነበር።»

እጁን ዘረጋልኝ። ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ሙጫውን ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ ቀልጦ ተጣብቆበታል። በግራዬ ጨበጥኩት።