ጥርት ያለው ፎቶ

ሽማግሌው ካሜራቸውን እንደ ሕፃን በኮታቸው ጠቅልለው ነው ፎቶ ቤት የሚመጡት። የሚያሳትሙት ሁሌም አንድ ነው፤ ከቅርብ የተነሳ የታማሚ ሚስታቸው እጅ። እጁ ይደበዝዛል፤ ከሥሩ ያለው የብርድ ልብስ ክር ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«አባባ፣ ሲጠጉ ትንሽ መነቃነቅም ያበላሻል። ክርንዎን ያስደግፉ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» ትላቸዋለች አታሚዋ። ምክሯ ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆኖባታል።

«ይዣለሁ ልጄ። እሷ ናት መንቀጥቀጡን አልተውም ያለችው፤ ድሮም ግትር ናት» ብለው ይስቃሉ።

ዛሬ ግን ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ቀለበቱ፣ የጥፍሯ ስንጥቅ፣ የቆዳዋ መስመር ሳይቀር። አታሚዋ አጨበጨበች።

«እሰይ አባባ! በስንት መከራ ቻሉበት!»

ሽማግሌው አልሳቁም። ፎቶውን ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

«እኔማ ያው ነኝ ልጄ» አሉ፤ «እሷ ናት መንቀጥቀጡን የተወችው።»